የክራር አስተማሪው ድረ ገጽ

ሽመክት የሚባል የክራር አስተማሪ ነበር። በስሙ ያሠራው ድረ ገጽ አንድም ተማሪ ስላላመጣለት፣ ስመ ጥሩው የድረ ገጽ ባለሙያ ዶክተር ልሳነወርቅ በሚሰጡት ሥልጠና ላይ ተገኘ። ዶክተሩም፣ «ገጻችሁ ላይ ስላለው ስለ እያንዳንዱ ነገር፣ ‹ይህ ባይኖር ጎብኚው ምን ይጎድልበታል?› ብላችሁ ጠይቁ። ምንም ካልጎደለበት አጥፉት» ብለው አስተማሩ።

ሽመክት ቤቱ ገብቶ በቅንነት ጠየቀ። የሕይወት ታሪኩን ሲያነብ ራሱኑ እንቅልፍ ሸለብ ስላደረገው አጠፋው። ያማረበት እየመሰለው በጎኑ የተነሣቸው ፎቶዎች ከእናቱ በቀር ፈላጊ የላቸውም፤ እናቱ ደግሞ ኢንተርኔት አይከፍቱም፤ እነሱንም አጠፋ። ስለ ችሎታው የተጻፈውን ውዳሴ፣ ጸሐፊውን በደንብ ስለሚያውቀው አላመነውም። በመጨረሻ ስሙና ስልክ ቁጥሩ ብቻ ቀሩ።

በቀጣዩ ሥልጠና ዶክተሩ ይህንኑ ገጽ በትልቁ ስክሪን ላይ ሲያሳዩ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

«ወንድሜ፣» አሉት፣ «ወይ የእኔ ዘዴ ስህተት ነው፣ ወይ አንተ ምንም የሌለህ ሰው ነህ። የትኛው ነው? እስቲ ለሰዉ ንገር።»

ሽመክት አንገቱን ሰበር አድርጎ ተነሣ።

«ዘዴውስ ትክክል ነው፣ ዶክተር። እኔም ብዙ እንደሌለኝ ስለማውቅ፣ የራሴን ከመንካቴ በፊት የእርስዎን ገጽ በዘዴው ፈትሼው ነበር። የቀረው ስልክ ቁጥርዎ ብቻ ነው። የእኔ ስሜም ጭምር ሲተርፍ ጊዜ፣ ከመምህሬ በለጥኩ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።»