በሬ የማይዞርበት ማሳ

በአንድ ወቅት፣ ከቆላው ሙቀት በላይ ከደጋው ውርጭ በታች ባለች አንዲት መንደር፣ አባ ይርዳው የሚባሉ ገበሬ ይኖሩ ነበር። የቅድመ አያታቸው ርስት ከወንዝ እስከ ወንዝ ነበር ይባላል። ከዚያ ወዲህ ልጅ በተዳረ ቁጥር ገመድ ተጣለ፣ ገመድ በተጣለ ቁጥር መሬቱ ተቆረሰ፤ አባ ይርዳው ዘንድ ሲደርስ አንዲት ማሳ ብቻ ቀረች።

የአገሩ ደንብ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ጥማድ በሬ የማይዞርበት መሬት አይቆረስም፤ ለአንዱ ይሰጣል፣ ሌላው አገሩን ይፈልጋል። ደንቡን ያወጡት ከወንዝ እስከ ወንዝ የሚያርሱት ናቸው። ለጠገበ ሰው ደንብ ማውጣት ምን ይከብደዋል?

አባ ይርዳው ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ ታላቁ ታረቀኝ፣ መካከለኛዋ ደብሪቱ፣ ትንሹ ቸኮል። አንድ ክረምት ማሽላው እንደ ሣር ተፋፍጎ በቀለ። አባት እንደ ወጉ በሬዎቻቸውን ቡቃያው ላይ እየነዱ ሽልሻሎ አረሱት፤ ከፊሉ ተነቅሎ ከፊሉ እንዲተነፍስ። ሲጨርሱ ድንበሩ ላይ ቁጭ አሉና ልጆቻቸውን ትክ ብለው አዩ።

«ማሽላውስ በእኔ ሳሳ» አሉ። «እናንተን ማን ያሳሳችሁ?»

ሦስቱም የመለሱት በአፍ ሳይሆን በኑሯቸው ነው።

ታረቀኝ በማግስቱ አንድ ስልቻ ዘር ተሸክሞ ወደ ቆላ ወረደ። «አንድ አፍ ቀነስኩላችሁ» ብሎ ሄደ። ጫካ መነጠረ፣ ከወባ ጋር እየተናነቀ አረሰ፣ የበኩር ልጁን እዚያው ቀበረ። ምድሩ ማብቀል ሲጀምር ዱካውን ተከትሎ ሰው ጎረፈ፤ ቆላውም ጠበበ። ቦታ ሲጠብ ሰው መጀመሪያ የሚቆጥረው የሌላውን አያት ነው። ቀድሞ የነበሩትና በኋላ የመጡት፣ በሌላ በምንም የማይስማሙ ሰዎች፣ ታረቀኝን «መጤ» ለማለት ተስማሙ። መንገዱን የጠረገው እሱ፣ የሚባረረውም እሱ!

ቸኮል ሚስት አገባ፤ ጎጆው በልጅ ሞላ። «እረፍ እንጂ ወንድሜ!» ሲሉት «ሰው የሌለው ማሳ የዝንጀሮ ነው» ይላል። ሳቁበት። በኋላ ግን ከመንደሩ በታች ያለው የገደል ጫካ ተመንጥሮ ሲታረስ ዝንጀሮዎቹ መኖሪያ አጡና መንጋ ሆነው ወደ ማሳው ወጡ። የመንደሩ እህል ሁሉ ባዶ አገዳ ሆኖ ሲቀር፣ የአባ ይርዳው ማሽላ ብቻ ዳነ፤ የቸኮል ልጆች ወንጭፍ ይዘው ከጎህ እስከ ምሽት ይጮሁ ነበርና። ያዳኑትንም ራሳቸው ጨረሱት፤ ሚያዝያ ሳይገባ ጎተራው ተጠረገ።

ደብሪቱ ለጋብቻ ሽማግሌ በተላከባት ቁጥር እንቢ ብላ መለሰች። «እኔ ከወለድኩ ልጄ ገመድ ይዞ ይመጣል» አለች።

«ምነው ደብሪቱ፣ መሬት ልታገቢ ነው?» አሏት ሴቶቹ ምንጭ ዳር።

«መሬት ቢያንስ ሰክሮ አይገባም።»

ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ እነሱ ወደ ልጆቻቸው ሄዱ፣ እሷ ወደ ድንጋይዋ። ጎርፉ አፈሩን እንዳይወስደው በጀርባዋ ድንጋይ እያመላለሰች እርከን ካበች። አባቷ ሲታመሙ አጠበች፣ አጎረሰች፣ አገላበጠች። የልጅ ድምፅ ከየትም «እምዬ!» ብሎ ሲጣራ አንገቷ ብቻውን ይዞራል፤ መልሳ ታቀናዋለች። አባቷም አለፉ፤ ማሳው ለማን እንደሆነ ሳይናገሩ።

በተዝካሩ ማግስት ታረቀኝ ሚስቱንና አንድ ልጁን ይዞ ከቆላ ገባ። የመንደሩ ሽማግሌ አያ ፈንቴ ሌሎቹን ሽማግሌዎች ሰብስበው በሬዎች አስጠመዱና ገመድ ማሳው መካከል ዘረጉ። ግማሹ ላይ አዙረው ሞከሩ። የቀኙ በሬ እግሩን ገመዱን አሻግሮ የሰው ድርሻ ላይ ተከለው። ደግመው ሞከሩ፤ ያው ሆነ።

«አይቆረስም» አሉ አያ ፈንቴ።

«አብረው ይኑሩበታ!» አለ ከሰዎቹ አንዱ።

«በምን ጎተራ?» አለች የቸኮል ሚስት። «የእኔንም ልጆች አላደረሰ!»

ታረቀኝ ተነሣ። «እኔ ባልወጣ ያኔውኑ ተቆራርሶ ያልቅ ነበር። ልጄን የቀበርኩት ለዚህ ማሳ ነው። አሁን የምሄድበት የለኝም።»

ቸኮል ተከተለ። «የእኔ ልጆች ባይጠብቁት ኖሮ የምንከራከረው ከዝንጀሮ ጋር ነበር። ደግሞ እታለም፣ አትቀየሚኝና፣ አንቺ ስታልፊ ለማን ልትተዪው ነው?»

ደብሪቱ ነጠላዋን አጠበቀች።

«ላንተ ልጆች ቦታ የተገኘው ከእኔ ልጆች ቦታ ነው፣ ቸኮል። የእኔዎቹ አልተወለዱም እንጂ፣ እነሱም ይርባቸው ነበር። አፈሩንም ያቆየሁት እኔ ነኝ። ከዚህ ሌላ ልጅ የለኝም።»

ሽማግሌዎቹ ዘወር ብለው መከሩ። ፀሐይ አዘቀዘቀች። የታረቀኝ ሚስት ሸክሟን አውርዳ ልጇን ደረቷ ላይ አስተኛች። የቸኮል ልጆች አባታቸውን ከበቡት። በሬዎቹን መፍታት ያስታወሰ ማንም ስላልነበረ ደብሪቱ ብቻዋን ፈታቻቸው። ቀንበሩን እያወረደች ሳለ ከሽማግሌዎቹ መካከል አንዱ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰማችው።

«እሷስ ግድ የለም፤ አንድ ሰው የትም ያድራል።»

አያ ፈንቴ አዎም እንቢም ሳይሉ ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀመጡ።

እንግዲህ ፍርዱን እናንተ ስጡ፤ እኔ አውርቼ ወጥቻለሁ። ብዙ ስለሆነ ብቻ የሚረታ፣ አንድ ስለሆነ ብቻ የሚሸነፍ እንዳይሆን ግን አስቡበት። ለሌላው ቦታ ለቆ ለወጣው ነው? ወልዶ፣ በልጆቹ ጩኸት ላዳነው ነው? ወይስ ሳትወልድ፣ በጀርባዋ አፈሩን ላቆየችው? ማሳው ለማን ይገባል?