ፊቱን ወደ እኛ ያዞረው ግንብ

ከአንጓ ሜዳ በላይ፣ በጉብታው ጫፍ የቆመው ፍርስራሽ የደጃች ዘሐዋርያት ግንብ ይባላል። ከከተማ የሚመጣ ፎቶ አንሺ ሁሉ «አቤት ሲያምር!» ይለዋል። ለአላፊ አግዳሚ ምን የማያምር አለ! ጣሪያው ወድቋል፣ የድንጋይ ደረጃው መሀል ላይ ተቋርጧል፣ በኖራ የተያያዘው ክብ ማማ ግን እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም፤ ክፉ ነገር ዕድሜው ረጅም ነው። ልብ ብሎ ላየው ሰው፣ የቀስት መወርወሪያ ቀዳዳዎቹ በሙሉ ወደ መንደራችን ያያሉ። ዘራፊ ይወጣበት በነበረው በምሥራቁ በኩል አንድም የለም።

አባቶች እንደሚነግሩን፣ ደጃች ዘሐዋርያት፣ ነፍሱን አይማረውና፣ ይህን አገር በሹመት ሲይዝ ሕዝቡን ሰብስቦ «ዘራፊ ሲመጣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትገቡበት ግንብ እንሥራ» አለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሰዉ ደስ ብሎት ድንጋይ ፈለጠ፣ ኖራ አቃጠለ፣ ሴቶቹም ከወንዝ ውሃ እያወጡ ኖራውን አቦኩ። ከእነሱ አንዷ ወርቂት የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ያለቻት አንዲት ልጅ ትርንጎ ነበረችና፣ ለእሷ መሸሸጊያ ነው እያለች ከሁሉ በላይ ደከመች ይባላል። ግድግዳው ከፍ ሲል አይታ «ጌታዬ፣ ዘራፊው በምሥራቅ ሳለ ቀዳዳው ስለምን ወደ እኛ ዞረ?» ብትለው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ኖራሽን አቀብይ!» አላት። አቀበለች። ሁሉም አቀበለ፤ ሞኞች ነበርን።

ግንቡ ባለቀ በዓመቱ ዘራፊው መጣ። መንደርተኛው ሽቅብ ሲሮጥ የደጃች ወታደሮች ከባዱን የወይራ በር ዘግተው ከውስጥ ቀረቀሩት። ወርቂት በሩን በጡጫ እየደበደበች «እኔ እዚሁ ልሙት፣ ልጄን ብቻ አስገቡልኝ!» ብላ ጮኸች። ደጃች ከላይ ሆኖ «ይህን ሁሉ ሆድ ማን ይቀልባል!» አለ ይባላል። ትርንጎ እዚያው በሩ ሥር በዘራፊው ጦር ተወግታ በእናቷ እቅፍ ሞተች። ዘራፊው ከብቱን ነድቶ ከወረደ በኋላ፣ ነጋሪት እየተጎሰመ በሩ ተከፈተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ግንቡ ግን ጉድጓድም ምንጭም አልነበረውም፤ ውሃ የሚወጣለት እንደ ትርንጎ ባሉ ልጃገረዶች ጀርባ ነበር። ወርቂት ልጇን ቀብራ ስትመለስ እንስራዋን ደፍታ ተቀመጠች፤ የመንደሩ ሴቶችም ሁሉ ደፉ። ደጃች ቀስተኞቹን በየቀዳዳው ደርድሮ ቢያስፈራራም የሚነሳለት ጠፋ። ወታደሩ ደግሞ «እንስራ የምናዝል ሴቶች ነን ወይ?» ብሎ ተኮፈሰና፣ ሲጠማው አንድ በአንድ እየከዳ ሄደ። በመጨረሻ ደጃች ራሱ ወርዶ ወርቂት ደጅ ቆመ፤ «በእግዚአብሔር፣ አንድ ዋንጫ ውሃ!» አላት።

«ውሃስ ሞልቷል» አለችው፤ «የምታወጣልህ ልጅ ግን በርህ ላይ ቀረች።»

በዚያው ዕለት አገር ጥሎ ሄደ፤ የት እንደሞተ የሚያውቅ የለም፣ የጠየቀም የለም።

ወርቂት ያን ቀን የገዛ ቤቷን መቀርቀሪያ ነቅላ አነደደችው ይባላል፤ ጎረቤቱም ተከተላት። ዛሬም በአንጓ ሜዳ ቤት የሚሠራ ሰው በር ያቆማል እንጂ መቀርቀሪያ አያበጅለትም። እንግዳ ሁሉ «ሌባ አይገባባችሁም ወይ?» ይለናል። ይገባል እንጂ! ባለፈው ክረምት የእኔን በግ ይዞ ሄዷል። ይውሰድ! ልጅ ይዛ የምትሮጥ እናት ግን ደጃችን ላይ አትቆምም።