የቆቅ ኡኡታ

ተረት ልጀምር ነው፤ በሩን ዝጉና ጠጋ በሉ።

በአራዊት ገበያ ማሽላ የምትሸጥ አንዲት ስጉ ቆቅ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ማሽላዋን ትዘረጋና «ኡኡ! ድረሱልኝ!» ብላ ትጮኻለች። ገበያተኛው ምን ሆነች ብሎ እየሮጠ ይመጣል፤ ከመጣ አይቀር ማሽላ ገዝቶ ይሄዳል። እንዲህ ያለ የአሻሻጥ ዘዴ ከእሷ በፊት ያሰበ አልነበረም።

ታዲያ ቆቅ ዘዴዬን ይሰርቁኛል ብላ እንቅልፍ አጣች። ጎረቤቷ አህያ ጨው ሲሸጥ ባናፋ ቁጥር «ይኸው ጩኸቴን ሊወስድብኝ ነው!» እያለች ትንቀጠቀጥ ነበር። አላስችል ሲላት ዳኛው ዔሊ ዘንድ ሄዳ አመለከተች። ዔሊ ሦስት ቀን አሰበና ፈረደ፦

«ከእንግዲህ ያለ ቆቅ ፈቃድ ኡኡ ብሎ የጮኸ ከገበያው ይባረራል።»

ቆቅ እፎይ አለች።

አንድ ቀን ገዢው ማሽላዋ ፊት ተሰልፎ ሳለ፣ ሕግ አክባሪው አህያ መጥቶ ከሁሉም ኋላ ቆመ። ተራው ሲደርስ አንገቱን ደፋ።

«ምን ያህል ልስፈርልህ፣ አያ አህያ?»

«ማሽላ ፈልጌ አይደለም፣ እመት ቆቅ። አንድ ጊዜ ኡኡ ብዬ እንድጮህ ፈቃድሽን ልለምን ነው።»

«አንተ ደግሞ ምን ልትሸጥበት?»

«የምሸጠው የለኝም። ሸለምጥማጥ ጫጩቶችሽ ካሉበት ጎጆ ሲገባ አይቼ ነው።»

መስፈሪያው ከእጇ ወደቀ። «መቼ?»

«ሰልፉን ከመያዜ በፊት።»

ተረቴ አለቀ፤ ዳቦው ይቆየኝና በሩን እዩልኝ።