ጨው ያልገባበት ፋሲካ

በአንድ ወቅት ልበል እንጂ ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ የዛሬ ዓመት ነው። ሰዎቹም ሩቅ አይደሉም፤ ከእኔ ቤት የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ስጨርስ ስለምጠይቃችሁ ደህና አድርጋችሁ ስሙኝ። መሐል ላይ «እኔ ብሆን ኖሮ እኮ» የምትል ካለች ትንሽ ትታገሠኝ። እኔም የሰው ነገር ስሰማ እንደዚያ ስል ነው የኖርኩት፤ አሁን ግን ተራው ደረሰኝና አፌ ተያዘ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ጋሽ ደርበው የሚባሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ጨርሰው፣ ጡረታ ወጥተው እቤታቸው ተቀምጠዋል። ሚስታቸው አሰገደች የልብ ጓደኛዬ ነበረች፤ ነፍሷን ይማረውና ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። አሰገደች አንዲት ትልቅ የሸክላ ድስት ነበረቻት፤ ጥቁር፣ አንድ ጆሮዋ የተሸረፈ፣ አምስት ዶሮ የምትችል። አርባ ዓመት ሙሉ የፋሲካ ዶሮ የተሠራው በእሷ ነው። የቤቱ ደንብም ይኸው ነበር፤ ድስቷ ካለችበት ፋሲካ ይዋላል። ልጆቹ፣ የጋሽ ደርበው የሹፌር ጓደኞች፣ እኛም ጎረቤቶቹ የፋሲካን ምሳ ሌላ ቦታ በልተን አናውቅም። ጋሽ ደርበው ደግሞ ሁልጊዜ «ይቺ ድስት አርባ ዓመት ቅመም ጠጥታለች፤ ውሃ ብታፈሉባት እንኳ ወጥ ወጥ ትላለች» ይሉናል። እንስቅባቸዋለን። ግን ውስጥ ውስጡን ሁላችንም እናምነው ነበር።

አምና ጾሙ ሊገባ ሲል ጋሽ ደርበው እግራቸው አበጠ፣ ትንፋሽም አጠራቸው። ሆስፒታል አሥራ አምስት ቀን ተኝተው ወጡ። ልባቸው ደክሟል፣ ሳንባቸው ውሃ ይይዛል ተባለ። ጨው የሚባል ነገር በአፋቸው እንዳይዞር፣ ቅቤና ጮማም እንዲቀር ሐኪሙ አስጠነቀቀ። ያ ድምፁ ሦስት ቤት የሚሰማ ሰውዬ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ዝም ብሎ መንገድ የሚያይ ሰው ሆነ። አንጀቴን ይበሉኝ ነበር።

የደብረ ዘይት እሑድ ሦስቱን ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። እኔም ነበርኩ። «ሌላ ፋሲካ የማይ አይመስለኝም» አሉ። «ይቺን አንዲቷን እንደ በሽተኛ ሳይሆን እንደ ሰው፣ ከጓደኞቼ ጋር ልብላ። የእናታችሁ ድስት ፋሲካዬን ላበላኝ ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ ፋሲካ የሚዋለው እሱ ቤት ነው።» ልጆቹ አለቀሱ፤ እሳቸው ግን አላለቀሱም። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ከዚች ቃል ነው የመጣው።

ትልቋ ትርንጎ ናት፤ ባለ ትዳር፣ እጇ ሙያ ያለው፣ አንዴ ከወሰነች የማትመለስ። ለብቻዋ ቆረጠች። አባቷ በሰው ፊት የበሽተኛ ሳህን አይቀርብላቸውም፤ እሳቸው የሚበሉትን እንግዳው ሁሉ ይበላል። በርበሬ ሲሰናዳ ጨው አብሮ እንደሚገባበት ታውቁ የለ? ስለዚህ ቤት ያለውን በርበሬ ትታ ዛላውን ገዝታ ቀነጠሰች፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በበሶብላና በኮረሪማ ደልዛ፣ ግቢዋ ውስጥ ፀሐይ እያሰጣች፣ ጨው ሳታስነካ አስፈጨች። በበዓሉ ዋዜማ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በራሱ ውሃ ግማሽ ቀን አቁላላችው። ቅቤው ለድስቷ ሙሉ ሦስት ማንኪያ ብቻ! አይቡ በጤና አዳም፣ ድፎ ዳቦው በጥቁር አዝሙድ፣ ሁሉም ያለ ጨው። ቁርጥ ቀረ፣ በቦታው ጎመንና ቀይ ሥር ገባ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። «ከተናገርኩ ሰው ሁሉ አባባን እያየ ነው የሚጎርሰው» አለችኝ በኋላ። የጎደለውን ደግሞ የእናቷ ድስት ትሞላዋለች ብላ ነበር። ሞኝነት ነው አትበሉኝ፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማስበው።

መካከለኛው አያልነህ ነው፤ ሐይቅ ከተማ የሚያስተምር፣ ዝምተኛ ልጅ። አባቱ ሆስፒታል በተኙ ጊዜ አሥራ አምስቱን ቀን እግራቸው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ የተኛው እሱ ነው። አንድ ቀን ጋሽ ደርበው አየር አጥሯቸው ከንፈራቸው ጠቆረ። የልጃቸውን እጅ ጭምድድ አድርገው ያዙና «እየሰመጥኩ ነው ልጄ» አሉት። «ከዚህ ከወጣሁ፣ ብለምንህም ባለቅስም ጨው እንዳታስቀምሰኝ። ማልልኝ።» አያልነህም «ባስቀምስህ የእማዬ አፅም ይውቀሰኝ» ብሎ ማለ። ይህን ለእህቶቹ አልነገራቸውም። አባቴ ፈርቶ አየሁት ብሎ እንዴት ይናገር?

ትንሿ ስንዱ ናት፤ ያላገባች፣ ከአባቷ ጋር የምትኖር። እግራቸውን የምታጥበው፣ ትራሳቸውን ከፍ ዝቅ የምታደርገው እሷ ነበረች። እሳቸው ጨው ካቆሙ ጀምሮ እሷም አልቀመሰችም። አባቷ «ምግቡ ጨርቅ ጨርቅ ይለኛል» እያሉ፣ ፊቷን ስታዞር አኝከው እንደሚተፉት ታውቃለች። መድኃኒት ልታመጣ የሄደች ዕለት ሐኪሙ ለብቻዋ ጠርቶ «ብዙ አይቆዩም፤ ተጠንቅቀውም ቢሆን ብዙ አይቆዩም» ብሏታል። እሷም ይህን ዋጥ አድርጋ ዝም አለች። አያችሁ ነገሩን? አንዷ በድስት ውስጥ ደበቀች፣ አንዱ በመሐላ፣ አንዷ በሆዷ። ሦስቱ ልጆች ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ ኖሮ ዛሬ እኔ እናንተን አላስቸግርም ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። ምሳ ሰዓት ላይ ሃያ የምንሆን ሰዎች ቄጠማው ላይ ዙሪያውን ተቀመጥን። ጋሽ ደርበው ነጭ ለብሰው፣ ተላጭተው፣ ከሹፌር ጓደኞቻቸው መሐል ገቡ። ለእሳቸው ለብቻ ሳህን የለም፤ ከአንድ ማዕድ ነው። ትርንጎ ፈረሰኛውን አውጥታ እፊታቸው አደረገችላቸው። ጎረሱ። ደግመው ጎረሱ! «አላልኳችሁም? ይቺ ድስት እኮ ድግምት አላት» ብለው ሣቁ። አፋር በረሃ ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው ሦስት ቀን የዋሉበትን፣ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀውን ታሪክ ጀመሩ። ስንት ወር የጠፋው ድምፅ ተመለሰ። ትርንጎ ማጀት በር ላይ ቆማ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ታያቸዋለች።

ወይ ነዶ! እዚህ ላይ ምነው ምላሴ በተቆረጠ። ጾም ስፈታ አፌ እንደሚያመልጠኝ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ሁለቴ ጎርሼ፣ ልጅቷን እንደ ልማዴ ልተርባት ብዬ፣ «ትርንጎ፣ ሙያሽ የት ሄደ እናቴ? ወጡ እኮ ጨው የለውም! አይቡም የለውም! ረሳሽው እንዴ?» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

የጋሽ ደርበው እጅ መንገድ ላይ ቆመ። ዙሪያውን አዩ። እንግዳው ለይሉኝታ ጫር ጫር ከማድረግ በቀር ማዕዱን እንዳልነካው ያን ጊዜ ገባቸው።

«ለእኔ ብላችሁ ነው?» አሉ።

አጠገባቸው ያሉት ሹፌር ቶሎ ብለው አንድ ጎረሱ።

«ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው በፋሲካም በእኔ ምክንያት ይጹም?» ጉርሻውን መልሰው አስቀመጡት። ፊታቸው ላይ የነበረው ሣቅ እንዴት እንደጠፋ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ዝቅ ባለ ድምፅ «ስንዱ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ። እናትሽ የምትሠራውን ዓይነት» አሉ።

ስንዱ ተነሥታ በጓሮ በር ወደ እኔ ቤት ገባች። እሳት ዳር የተውኩትን ዶሮ፣ ጨውም ቅቤም የጠገበውን፣ በሳህን ይዛ መጣች። አባቷ ፊት ተንበርክካ ጠቀለለችና እጇን ዘረጋች። ያን ጊዜ አያልነህ ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ እጇን መታው። ጉርሻው ቄጠማው ላይ ወደቀ።

ክው አልኩ። ጉርሻ ከሰው አፍ ሲመታ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። አንድ ሽማግሌ ሹፌር «አንተ! በአባትህ አፍ?» ብለው ብድግ አሉ።

«ምያለሁ!» አለ አያልነህ። «አባባ ራሱ ነው ያስማለኝ። ባለቅስም አትስጠኝ ብሎኛል።»

«ያን ጊዜ ፈርቼ ነው ልጄ» አሉ ጋሽ ደርበው።

«እኔም አሁን ፈርቻለሁ አባባ።»

ጋሽ ደርበው ጎንበስ አሉና የወደቀችውን ጉርሻ ከቄጠማው ላይ ሊያነሡ እጃቸውን ሰደዱ። እጃቸው አልደርስ አላቸው። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ስንዱ ቀድማቸው አነሣችና ወደ ጎን አደረገቻት። ሌላ ጠቀለለች። ወንድሟን ቀና ብላ አየችውና «ሐኪሙ ለእኔ የነገረኝን አንተ አልሰማህም» አለችው። አጎረሰቻቸው። አያልነህ ዳግመኛ እጁን አላነሣም፤ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ጋሽ ደርበው ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ አላመጡ። ከዋጡ በኋላ «አሰገደች» አሉ። ወጡ የእኔ ነው ብዬ ልናገር አፌ አልደፈረም። ትርንጎ ያን የደከመችበትን ወጥ ድስቷ ውስጥ እንዳለ ይዛ ወደ ማጀት ገባች፤ እንግዳው እስኪበተን አልወጣችም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ትንፋሻቸው ከፋ። መኪና እስኪመጣ ድረስ እኔን አስጠሩኝ። «ሙሉሸዋ» አሉኝ፣ «ድስቷን አንቺ ውሰጂ። ፋሲካዬን ማን እንዳበላኝ በዓይንሽ አይተሻል። ስጪልኝ።»

«ለማን ልስጥ ጋሽ ደርበው?» አልኳቸው።

አዩኝ። ይገባታል ብለው ነው መሰል ምንም አላሉም። ተሸክመው ወሰዷቸው፣ በማግሥቱም አረፉ። ሐኪሙን አያልነህ ጠየቀው፦ «ያቺ ጉርሻ ናት የገደለችው?» «ናት ማለት አልችልም፤ አይደለችም ማለትም አልችልም» ብሎ መለሰለት። ይኸው ነው የተረፈን።

ከአርባው በኋላ ትርንጎ መጣች። «እትዬ፣ ከጓደኞቹ ጋር እኩል ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ስንት ወሩን አንዴ ሲሥቅ ያየሽው በእኔ ወጥ ነው። ካንቺ ቃል በፊት።» የመጨረሻዋን ስትል ዓይኗን ከእኔ አዞረች። እውነቷን ነው፤ ምን ልበላት?

አያልነህም ከሐይቅ መጣ። «እኔ አብልቼዋለሁ አልልም» አለ። «ግን እነሱ የአንድ ቀን ፋሲካ ሊሰጡት ነበር፤ እኔ የከርሞውን ነው የፈለግሁለት። ጤነኛ አእምሮ ኖሮት ያዘዘኝን የጠበቅሁ እኔ ብቻ ነኝ። ለዚያም ብዬ ሰው ፊት ተዋርጃለሁ።» እሱም እውነቱን ነው። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ጉርሻ መቺው» ነው የሚለው።

ስንዱ ድስቷን ጠይቃኝ አታውቅም። አንድ ቀን ብቻ መጥታ ክዳኑን አነሣች፣ ውስጡን አሸተተች፣ መልሳ ከደነችው። «እትዬ፣ በእጄ ነው የሞተው ወይስ በእጄ ነው ፋሲካን የዋለው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ያቺ ልጅ እስከ ዛሬ ጨው አትቀምስም።

ሦስቱ ከተነጋገሩ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ነገ ሆሳዕና ነው፣ ፋሲካ ሳምንት ቀረው። ድስቷ እኔ ቤት መደርደሪያ ላይ ናት፤ ዓመት ሙሉ እሳት አልነካትም። ለአንዱ ብሰጥ ሁለቱ እግራቸውን አያነሡም። ለማንም ባልሰጥ ሦስቱም ለየብቻቸው፣ እኔም ለብቻዬ ልንውል ነው። ሹፌሮቹም ዘንድሮ የት ነው እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ ዳኛ መሆን አልችልም፤ ማዕዱን ያፈረሰው የእኔ ምላስ ነው፣ ጨዉም የወጣው ከእኔ ጓዳ ነው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ከሰው እኩል ያስቀመጠቻቸው፣ ቃላቸውን የጠበቀላቸው፣ ወይስ የለመኑትን ያጎረሰቻቸው፣ ለጋሽ ደርበው ፋሲካቸውን ያበላቸው የትኛው ልጅ ነው? ድስቷን ለማን ልስጥ?