ከጭፈራው የቀረው ሸማኔ

«አንድ ስም ጠሪ ነበረ» አሉ መምህሩ። ጨካኙ ገዢ በወደቀ በሳምንቱ አንድ ጎልማሳ ወደ እሳቸው መጥቶ፣ በደስታው ቀን ከቤቱ ያልወጣ ጎረቤታችን ምን ይደረግ ብሎ ጠይቋቸው ነበር። እሳቸውም እንዲህ ብለው ተረኩለት።

ስም ጠሪው ድንበሩ ይባላል። ሥራው በየሰልፉ የሰፈሩን ሰው ከመዝገብ እየጠራ «አቤት» ማሰኘት ነበር። የቀረ ሰው ስኳር ይከለከላል። ሦስት ጊዜ የቀረ ይታሰራል። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ገዢው የወደቀ ዕለት ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ እልልታ። ድንበሩም ወጣ። መዝገቡን በብብቱ ይዞ መምጣቱን ያየው አደባባይ ከደረሰ በኋላ ነው። ልማድ ሆኖበት። ሊደብቀው አሰበ፤ ግን ሰዉ ላቡን እየጠረገ ፊቱ ተሰልፏል።

«ጋሽ ድንበሩ፣ መዝግበኝ እንጂ» አለች ጠላ ሻጯ። «ኋላ አልጨፈረችም እንዳልባል።»

ሳቁ። ሰልፉን የለቀቀ ግን የለም። ድንበሩም ጠራ። ሁሉም አቤት አለ። አንድ ስም ብቻ መልስ አጣ፤ የሸማኔው። ያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ቀርቶ አያውቅም።

አንዱ የገዢው ወዳጅ ነው አለ፤ ሌላው ሐዘን ተቀምጦለት ይሆናል አለ። ጎትተን እናውጣው ተባለ። እየዘፈኑ ወደ ሸማኔው ደጅ ሄዱ፤ ድንጋይ የያዘም ነበረ። ድንበሩ በሩ ላይ አቆማቸውና መጀመሪያ እኔ ልጠይቀው ብሎ ብቻውን ገባ። አዝኖለት አይደለም። ሰው በሰልፍ ቀን ቤቱ ቁጭ ብሎ ምን እንደሚሠራ ለማየት ጓጉቶ ነው።

ሸማኔው ሥራውን ትቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ጣቶቹ የውጭውን ከበሮ እየተከተሉ ጉልበቱን ይመታሉ።

«ደስ አላለህም እንዴ?» አለው ድንበሩ።

«ደስ ብሎኛል እንጂ። እስከ ዛሬ ደስ ሳይለኝ ስወጣ ኖርኩ፤ ዛሬ ደስ ብሎኝ ቀረሁ። መቅረት እንዴት እንደሆነ ልየው ብዬ ነው። ተቀመጥ፣ ከዚህ ሆነው ሲሰሙት ሌላ ነው።»

ድንበሩ መዝገቡን መሬት ላይ አኑሮ ተቀመጠ። እውነትም ሌላ ነበር። ከዘፈኑ መሀል የጠላ ሻጯን ድምፅ ለየ። ያማረ ድምፅ ነው። እሱ የሚያውቃት «አቤት» ስትል ብቻ ነበር።

ደጅ ያሉት መጠበቅ ሰለቻቸው። «ጋሽ ድንበሩ!» ብለው ተጣሩ። ደገሙት። በዚያ ሁሉ ዓመት እሱ ቀርቶ ስሙ ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነው። አፉ አቤት ሊል ተከፈተ። መልሶ ዘጋው።

ውጭ ግራ ገባቸው። ስም ጠሪው ራሱ ቀረ። አሁን ማን ይጥራ? ጠላ ሻጯ ሳቋ መጣ። ሳቁ ተዛመተ። ድንጋይ የያዘው ሰውዬ፣ ለማጨብጨብ አልመች ቢለው፣ ድንጋዩን ጣለው። እየጨፈሩም ወደ አደባባዩ ተመለሱ።

መምህሩ እዚህ ላይ ወደ ጠያቂው ዞሩ።

«ሸማኔው ያ ጎረቤትህ ነው። ደስ ይበለው አይበለው ማወቅ ከፈለግህ በሩን አንኳኳና አብረኸው ተቀመጥ። ስም ጠሪው ግን አንተ ነህ። እስቲ ንገረኝ ልጄ፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል እየጨፈርክ፣ ማን እንደጎደለ እንዴት አወቅህ? በብብትህ ምን ይዘህ ነበር?»