ያልተሸነፉት ሁለት ሻምፒዮኖች

አንድ የሰንጠረዥ ጨዋታ ዳኛ ነበሩ፤ ዳኛ አስራደ ይባላሉ። በእሳቸው ዘመን ቢተውና ጓንጉል የሚባሉ ሁለት ስመ ጥር ተጫዋቾች ነበሩ። ሁለቱም «የዓለም ሻምፒዮን እኔ ነኝ» ይላሉ፤ ዓለም ሁለት የሆነች ይመስል! ቢተው «ጓንጉል ያሸነፈው ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌዎችን ነው» ሲል ይውላል። ጓንጉል በበኩሉ «ቢተው ስም ያተረፈው እኔ ታምሜ ተኝቼ ሳለ ነው» ይላል። ደጋፊዎቻቸውማ በሠርግም በለቅሶም ሳይቀር ይናከሳሉ። ሁለቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ተቀምጠው አያውቁም።

ታዲያ የአገሩ ንጉሥና የጎረቤቱ ንጉሥ በድንበር ላይ ባለ አንድ ምንጭ ተጣሉ። ምንጩ ዳኛ አስራደ የተወለዱበት መንደር ውኃ የሚቀዳበትና ከብት የሚያጠጣበት ነው፤ ሌላ ውኃ የለውም። ንጉሦቹ «ደም ከምንፋሰስ በሰንጠረዥ ይለይልን» ብለው ተስማሙ። የአገሩ ንጉሥም ዳኛውን አስጠርተው «ዛሬ ሁለቱን አጋጥማቸው፤ ያሸነፈው ነገ ድንበር ሄዶ ይጫወትልን። ተጫዋች ያላቀረበ ወገን ምንጩን ያጣል» አሏቸው። ዳኛው ደስ አላቸው። ከሁለቱ ማንኛቸውም ቢሄድ ምንጩ እንደሚተርፍ ያውቃሉና።

ሁለቱ ተቀመጡ። በአገሩ ሕግ ጨዋታው በወረራ ይጀምራል፤ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ጠጠራቸውን እንደ ልባቸው ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን ወታደር የበላ ጊዜ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በተራ፣ የምር ነው። ቢተው አሰለፈ። ጓንጉል አሰለፈ። ቢተው ፈረሱን አወጣ፣ አየት አደረገ፣ መለሰው። ጓንጉልም አወጣ፣ መለሰ። ወይ ጉድ! ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ አንድም ወታደር አልተበላም።

«ኧረ በሞቴ፣ አንዳችሁ ብሉ!» አሉ ዳኛው።

«እሱ ይጀምር» አለ ቢተው። «ቸኩሎ ገባ እንዲሉኝ ነው?»

«እሱ ይጀምራ!» አለ ጓንጉል። «እኔ ስሜን መንገድ ላይ ወድቆ አላገኘሁትም።»

«እንግዲያው ዕጣ ጣሉና አንዳችሁ ሂዱ።»

«የእኔ ስም በዕጣ?» አሉ ሁለቱም እኩል።

ዳኛው ለመኑ፤ ተቆጡ፤ በመጨረሻ ጥምጣማቸውን ፈትተው መሬት ላይ ወረወሩት። «የእናቴ መንደር በውኃ ጥም ሊያልቅ ነው እኮ! ምን ዓይነት ፍጥረት ናችሁ?» ብለው ጮኹ። ሁለቱ ቀና ብለው እንኳ አላዩአቸውም፤ ጠጠር ማስተካከል ላይ ነበሩ። እንዲሁ እንደተፋጠጡ ቀኑ መሸ።

በማግስቱ የሚሄድ ሰው ሲጠፋ ዳኛው ራሳቸው ድንበር ወረዱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳኛ እንጂ ተጫዋች አልነበሩም። ግን ምን ያድርጉ? ተቀመጡና ወረራው ሳይሞቅ የመጀመሪያውን ወታደር በሉ። የቻሉትን ያህል ታገሉ። ከሰዓት በኋላ ላይ ገበታው ላይ ያለው ንጉሣቸው መውጫ አጣ፤ ምንጩም ሄደ።

ዳኛው ቤታቸው ሲመለሱ የጨዋታው ወሬ ቀድሟቸው ደርሶ፣ ቢተውና ጓንጉል ደጃፋቸው ላይ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማምተዋል።

«ምን ነካዎትና ነው ፈረሱን እዚያ የወሰዱት? ጀማሪ እንኳ አያደርገውም!» አለ ቢተው።

«አገር አዋረዱ!» አለ ጓንጉል። «እኔ እንደሆነ ተሸንፌ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለ ቢተው ቶሎ ብሎ።

ዳኛው በንዴት አዩአቸው። «እውነት ነው፤ እናንተ አልተሸነፋችሁም» አሉ። «የተሸነፍነው እኔና መንደሬ ነን። በሉ ስማችሁን ይዛችሁ ወደየቤታችሁ ግቡ። ከብቶቻችን ስም አይጠጡም።»

ወገኖቼ፣ ዝና ሰው በተቸገረ ቀን ካልወጣ ለመቼ ሊሆን ነው? ስማችን እንዳይጎድፍ ብለን የሸሸግነው ችሎታ ካለመኖር አይሻልም። ይባስ ብሎ፣ የማይችለው ሰው ደፍሮ ገብቶ ሲወድቅ ዳር ቆመን ስህተቱን እንለቅማለን። እስቲ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ፤ እንዳልሸነፍ ፈርቼ የቀረሁበት ቦታ ማንን ጎድቶ ይሆን?