የመያዣዋ በቅሎ ገብስ

የዘይት ፋብሪካው ከስሮ ባለቤቱ እብስ ካለ ወዲህ፣ ግቢውን ክረምት ከበጋ ያለ ደሞዝ ሲጠብቅ የከረመ፣ ምላሱ ምላጭ የሆነ አንድ ዘበኛ ነበር። አበዳሪው ባንክ ማሽኖቹን በጨረታ በሚሸጥበት ቀን ተጫራቾቹ መሐል ብቅ አለና፣ "ከሽያጩ ላይ የእኔንም ደሞዝ አስቡልኝ" አለ።

የባንኩ ጠበቃ አቶ ልሳነወርቅ ከረባቱን እያስተካከለ ሳቀበት።

"ስማ አንተ፣ ማሽኖቹ ለብድሩ የተሰጡ የባንኩ መያዣ ናቸው። መጀመሪያ ባንኩ ገንዘቡን ይወስዳል፤ ፍርፋሪ ከተረፈ ያኔ ትጠራለህ።"

ዘበኛው አንገቱን ደፋ አደረገ። "እኔ ምን አውቄ ጌታው። ለመሆኑ መያዣ የሆኑት ከዛሬ ጀምሮ ነው?"

"ብድሩ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ነው እንጂ! እስከ መጨረሻዋ ብሎን ድረስ!" አለ ጠበቃው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማለት ድምፁን ከፍ አድርጎ።

"ሰማችሁ አይደል?" አለ ዘበኛው ወደ ተጫራቾቹ ዞሮ። "በእኛ አገር በቅሎ በመያዣ የያዘ ሰው ገብሷን ራሱ ይችላል። እናንተ የባንክ ሰዎች ግን የእናንተን በቅሎ አንድ ቀን እንኳ ስታበሏት አላየሁም። እስቲ ጌታው ይንገሩን፤ ሌባ አጥር ሲዘል የእኔ፣ ገዢ በበር ሲገባ የባንኩ የምትሆን በቅሎ ከየት አገር አመጣችሁ?"